ስንጥቁን ከመድፈናችሁ በፊት፦ ስለ ድራይዎልና ስለ ድሮ ልስን

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት ለገዙ ወገኖች በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ አነጋገሩ ብዙም አልተነካም።)

እንደምን ዋላችሁ። የቆማችሁ ከኋላ ወንበር አለ፣ ግቡ ግቡ። ማይኩ ይሰማል አይደል? እሺ።

የኔ ሥራ ድራይዎል ነው። ሰሌዳ መስቀል፣ መጋጠሚያው ላይ ቴፕ መለጠፍ፣ ማለስለስ፣ የተበላሸውን መጠገን፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ። እና የኛ ሰው ቤት ስጠራ ብዙ ጊዜ የምሄደው ለመጀመሪያ ጊዜ ለተበላሸ ነገር ሳይሆን ሰውየው ራሱ ወይ የሆነ ዘመድ ደፍኖት መልሶ ለፈነዳ ነገር ነው። ስንጥቅ አየ፣ ሆም ዲፖ ሄደ፣ ስፓክል የሚባለውን የቀዳዳ መድፈኛ ገዛ፣ ደፈነ፣ ቀባ፣ አማረበት፣ ከዛ ክረምት ገብቶ ሂተር ሲበራ ያው ስንጥቅ እዛው ቦታ ላይ ጥርሱን አግጦ መጣ። ሰውየው ስፓክሉን ይረግማል። ስፓክሉ ምን አደረገ? ግድግዳ ከመሬት ተነስቶ አይሰነጠቅም፣ ወይ ከጀርባው ውሃ አለ፣ ወይ እንጨቱ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ወይ ድሮ ሲሠራ ጀምሮ ቴፑ በደንብ አልተያዘም። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ የምትደፍኑት ነገር ቀለም መቀባት ብቻ ነው። ካወቃችሁት ግን ቀሪውን አብዛኛውን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ደንበኛ እንዳላጣ እየፈራሁ ነው የምነግራችሁ። (ሳቅ)

መጀመሪያ ነገርየው ምን እንደሆነ እንወቅ። ድራይዎል ጀሶ ነው፣ በቃ። በሁለት ወፍራም ወረቀት መሃል የታሸገ ጀሶ። አገር ቤት እጅ ሲሰበር የሚታሰርበት፣ እንጀራ ውስጥ ገባ እየተባለ ስሙ የጠፋው እሱ ራሱ። ድንጋዩ እኛም ጋ ሞልቷል፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ገደሉ ውስጥ አለ። ድንጋዩ ይፈጭና 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ በውስጡ ከያዘው ውሃ አብዛኛው ይወጣል፣ መልሳችሁ ውሃ ስትሰጡት ደግሞ ይጠጣውና ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ግድግዳችሁ ላይ ያለው ደረቅ የሚመስላችሁ ጀሶ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ውሃ ነው። ቤት ሲቃጠል ይሄ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ከጀርባ ያለው እንጨት ቶሎ አይግልም። ጋራዥና ቤት መሃል ወፍራሙን፣ 5/8 ኢንች የሆነውን ታይፕ ኤክስ የሚባለውን የምታዩት ለዚህ ነው፣ እሱ በትክክል ከተሠራ ግድግዳ ጋር የአንድ ሰዓት ያህል እሳት እንዲያግድ ተብሎ የተሠራ ነው። እና ጋራዥ ውስጥ ኬብል ላሳልፍ ብላችሁ ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ ከፍታችሁ ስትተዉት፣ ታውንሀውስ ከሆነ ደግሞ ከጎረቤት ጋር የሚያዋስናችሁን ግድግዳ ስትበሱ፣ የመልክ ጉዳይ አይደለም፣ ለእሳት በር ከፈታችሁ ማለት ነው።

ሰሌዳው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። አውጉስቲን ሳኬት የሚባል ሰው በ1894 ፓተንት አወጣበት፣ ሺትሮክ የምንለው ስም ደግሞ የአንድ ካምፓኒ ምርት ስም ነው፣ 1917 ላይ የወጣ። ግን አሜሪካ ሙሉ በሙሉ ወደሱ የዞረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤት በጥድፊያ ሲሠራ ነው፣ ምክንያቱም ልስን ሦስት ጊዜ ይመታል፣ በየመሃሉም መድረቅ አለበት፣ ሳምንታት ይፈጃል። ይሄን የምነግራችሁ ለታሪክ አይደለም፣ ቤታችሁ የተሠራበት ዓመት ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ ስለሚነግራችሁ ነው። ዲሲ ውስጥ ያ ረጅም ቀይ ጡብ ሮውሀውስ፣ ከጎረቤት ጋር ተያይዞ የተሠራውን፣ ገዝታችሁ ከሆነ ግድግዳው ልስን ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ቤት ከሆነ ብዙ ጊዜ መሃል ቤት ነው፣ ትንንሽ የጀሶ ሰሌዳ ከስር ተመትቶ ከላዩ ልስን። ከዛ ወዲህ ያለው ድራይዎል ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የወረቀት መርፌ፣ ያቺን ጭንቅላት ያላትን፣ በአውራ ጣታችሁ ግፉ፣ ከገባች ድራይዎል ነው፣ ጣታችሁን ካመማችሁ ልስን ነው።

የድሮው ልስን እንዴት እንደሚቆም ለኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፣ ጭቃ ቤት ያላየ የለማ። ቋሚ አለ፣ ማገር አለ፣ ጭቃው ጭድ ገብቶበት ተቦክቶ በማገሩ ክፍተት ውስጥ ተገፍቶ ወደ ጀርባ ይወጣና እዛው ነክሶ ይደርቃል። የነሱም ያው ነው፣ ቀጫጭን ጣውላ በቋሚው ላይ በአግድም ተመትቶ፣ በጭድ ፈንታ የከብት ወይ የፈረስ ፀጉር፣ በጭቃ ፈንታ ኖራና አሸዋ፣ ኋላ ላይ ጀሶ። ልስኑ በጣውላዎቹ መሃል አልፎ ከጀርባ ነክሶ ነው የሚይዘው። እና የመቶ ዓመት ቤት ኮርኒስ ላይ በእጃችሁ ስትጫኑት ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ከሆነ የነከሰው ነገር ከጀርባ ተሰብሯል ማለት ነው፣ እዛ ላይ ስፓክል መለቅለቅ ለምንም አይሆንም፣ ኮርኒሱ አንድ ቀን ሶፋ ላይ ይወርዳል። መፍትሔው ክብ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው የልስን ዋሸሮች አሉ፣ ዋጋቸው ርካሽ ነው፣ በስክሩ ልስኑን መልሳችሁ ከጣውላው ጋር ትስቡታላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ አንዱን ጨርሳችሁ ሳይሆን ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያጠበቃችሁ፣ ከዛ በላዩ ቴፕና ማድ፣ ማድ የምንለው መጋጠሚያ የሚሞላበትን ሊጥ መሳይ ነገር ነው። ልስኑ ጤነኛ ከሆነ እባካችሁ አታፍርሱት። ድምፅ ይይዛል፣ ጠንካራ ነው፣ ድራይዎል አይደርስበትም። ኮንትራክተር መጥቶ ሁሉም ይውረድ የሚላችሁ አንዳንዴ ማፍረስ ስለሚቀለው ነው።

አሁን አንድ ነገር ላይ ኮስተር እንበል። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ ሊድ ሊኖረው ይችላል፣ እርሳስ፣ ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በዛ ዓመት ነው። በዛ ዘመን የነበረው የመጋጠሚያ ማድ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ ሲቀመጥ ብዙም ችግር የለውም፣ ችግሩ እናንተ ካርታ ቬትሮ ይዛችሁ ስትነሱ ነው። አቧራው ሳሎን፣ ምንጣፍ፣ የልጅ አሻንጉሊት ላይ ያርፋል፣ ሊድ ደግሞ ከማንም በላይ የሚጎዳው መሬት ላይ የሚድኸውን ሕፃን ነው። ስለዚህ አሮጌ ቤት ከሆነ ከመሞረዳችሁ በፊት ትንሽ ቁራጭ ላብራቶሪ ልካችሁ አስመርምሩ፣ ዋጋው እናንተ ከምታስቡት ያንሳል። አለበት ከተባለ ለሱ ሰርተፋይድ የሆነ ሰው ጥሩ፣ እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

እሺ ወደ ሥራው። ብዙዎቻችሁ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ ለመጨረስ እያሰባችሁ ነው፣ አውቃለሁ፣ ወይ እናት ከአገር ቤት ሊመጡ ነው ወይ ሊከራይ ነው። ፐርሚት፣ የሥራ ፈቃዱን፣ አውጡ። ኤሌክትሪኩና ቧንቧው በኢንስፔክተር ሳይታይ ሰሌዳ እንዳትሰቅሉ፣ ያስፈርሳችኋል። የኤሌክትሪክ መገናኛ ሳጥን ደግሞ ከድራይዎል ጀርባ ተቀብሮ መቅረት አይፈቀድም፣ ባዶ ክዳንም ቢሆን ከግድግዳው ፊት መታየት አለበት። ቤዝመንቱ እርጥበት ካለው መጀመሪያ እርጥበቱን ጨርሱ። ወረቀቱ ለሻጋታ ምግብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሻወር ውስጥ ከሴራሚክ ጀርባ ድራይዎል አይገባም፣ እርጥበት ይችላል የሚባለው አረንጓዴውም ቢሆን፣ የሲሚንቶ ቦርድ ነው የሚገባው።

ለግድግዳ ግማሽ ኢንች ይበቃል፣ ለኮርኒስ 5/8 ወይም ለኮርኒስ ተብሎ የተሠራውን ግማሽ ኢንች። ተራው 4 በ8 ፊት (ጫማ) የሆነ ግማሽ ኢንች ሰሌዳ 50 ፓውንድ ገደማ ነው፣ ሰው ያዙ፣ ለኮርኒስ ደግሞ ሰሌዳ ወደ ላይ የሚያነሳውን ሊፍት ተከራዩ፣ ወገባችሁ ከኪራዩ ይበልጣል። ኮርኒሱ ቀድሞ ይሰቀላል፣ ከዛ የግድግዳው የላይኛው ሰሌዳ በአግድም ወደ ኮርኒሱ ተጠግቶ፣ ከዛ የታችኛው፣ ከወለሉ ግማሽ ኢንች ከፍ ብሎ፣ ወለል ላይ ውሃ ሲፈስ እንዳይጠጣ። ቁመት ለቁመት የሚጋጠሙት ቦታዎች በአንድ መስመር አይውሉ፣ አፈራርቋቸው። በርና መስኮት ጥግ ላይ ደግሞ መጋጠሚያ አታድርጉ፣ ሰሌዳውን አሳልፋችሁ ሰቅላችሁ ቀዳዳውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ምክንያቱም ቤት ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው የበር ጥግ ነው፣ አሁን ቤታችሁ ሄዳችሁ ብታዩ ስንጥቁ ከበሩ ጥግ ወደ ላይ በሰያፍ ነው የወጣው። ስክሩ ወረቀቱን ትንሽ አጎድጉዶ መቆም አለበት፣ ወረቀቱን ከበሳው ምንም አልያዘም፣ ከጎኑ ሌላ አስገቡ። ለዛ የተሠራች የትራፓኖ ጫፍ አለች፣ ራሷ ልክ ላይ ታቆማለች፣ ጥቂት ዶላር ነች፣ ግዟት።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ቴፕ። ሰሌዳ መስቀል ጉልበት ነው፣ ሰው ሁሉ ቤቱን የሚያበላሸው እዚህ ነው። ሰሌዳውን እዩት፣ በረጅሙ ጎን ጫፉ ሳሳ ብሏል፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ጎድጎድ ያለ መስመር ይፈጥራሉ፣ ቴፑና ማዱ እዛ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከግድግዳው ጋር እኩል እንዲሆን ነው። ባለ ስድስት ኢንች ስፓቱላ ያዙ። ከባልዲው የወጣው ማድ ለቴፕ ትንሽ ወፍራም ነው፣ ጠብታ ጠብታ ውሃ ጨምራችሁ ምቱት፣ ስፓቱላው ላይ ተይዞ ግን በዝግታ የሚንሸራተት እስኪሆን። መስመሩን በማዱ ሙሉት፣ ሳትሰስቱ፣ ከዛ የወረቀት ቴፑን መሃል ለመሃል አስቀምጡ፣ ቴፑ መሃሉ ላይ የመታጠፊያ መስመር አለው፣ መስመሩ ወደ ግድግዳው ይሁን። ከመሃል ጀምራችሁ ስፓቱላውን ዘመም አድርጋችሁ ወደ ጫፍ ጎትቱ፣ ትርፉ ማድ በሁለቱም ጎን ይወጣል፣ ከቴፑ ስር ግን ስስ ሆኖ መቅረት አለበት። ሁሉንም ጠርጋችሁ ካወጣችሁት ቴፑ ደርቆ ይነሳል፣ ወፍራም አድርጋችሁ ከተዋችሁት ጉብ ይላል። ደረቅ ቦታ ካለ አረፋ ሠርቶ ታዩታላችሁ፣ ያኔውኑ አንሱትና ማድ ጨምሩ፣ ነገ አይሆንም።

ከዛ ሂዱ። እውነቴን ነው፣ ስፓቱላውን አጥባችሁ ሂዱ። ማዱ የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ነው፣ በተለመደው የቤት ሙቀት 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ በኛ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በዚህ ወበቅ ቤዝመንት ውስጥ ከዛም በላይ፣ እርጥበት የሚስበው ማሽን፣ ዲሂውሚዲፋየር፣ ከሌላችሁ። ግራጫ ሆኖ የጠቆረ ቦታ ካለ አልደረቀም፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ዙር በ10 ኢንች ስፓቱላ ሰፋ አድርጋችሁ፣ ሦስተኛው በ12 ኢንች፣ ሁልጊዜ ስስ፣ ጫፉ እየሳሳ ግድግዳው ውስጥ እንዲጠፋ። ሰው ትዕግስት አጥቶ ሦስቱንም በአንድ ቀን በወፍራሙ ይለቀልቀዋል፣ ማድ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ያንን ለመሞረድ ደግሞ ሦስት ቀን አቧራ ይበላል። ሰሌዳው በአጭሩ ጎን የተጋጠመበት ቦታ ላይ ጉድጓድ የለም፣ ስለዚህ ቴፑ ጉብ ማለቱ አይቀርም፣ እዛ ላይ ሁለት ጫማ ድረስ አስፍታችሁ ነው ዓይን የምታታልሉት።

መረብ የሚመስለውን የፋይበር ቴፕ የምትወዱት ራሱ ስለሚጣበቅ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ከሱ ጋር የመጀመሪያው ዙር የግድ በዱቄት መልክ በከረጢት የሚሸጠው ማድ መሆን አለበት፣ ሆት ማድ የሚሉት፣ 20፣ 45፣ 90 የሚል ቁጥር ያለው፣ ቁጥሩ በስንት ደቂቃ እንደሚጠነክር ነው። እሱ እንደ ጀሶ ነው የሚጠነክረው፣ መትነን አይጠብቅም፣ አይኮማተርምም ማለት ይቻላል። ለጀማሪ 20ውን አትግዙ። ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ይሆንባችኋል። የተረፈውንም ሲንክ ውስጥ እንዳታፈሱት፣ ቧንቧ ውስጥም ይጠነክራል።

ሲሞረድ ማስክ፣ ደህናውን፣ ኤን95 ወይ ከዛ በላይ፣ ምክንያቱም አቧራው ውስጥ ሲሊካ የሚባል የድንጋይ ብናኝ ሊኖር ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ኤሲውንም ሂተሩንም አጥፉ፣ ካልሆነ ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። ትንሽ ቦታ ከሆነ በእርጥብ ስፖንጅ ማሸት ይበቃል፣ አቧራ የለውም። እና አንድ የእጅ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩ፣ ከፊት ለፊት የማይታየው ጭረት፣ ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። መስኮት አጠገብ ያለ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ይህንኑ ታደርጋለች፣ ስለዚህ ያንን ግድግዳ ከሌላው በላይ ጊዜ ስጡት፣ አብረቅራቂ ቀለም ለመቀባት ካሰባችሁ ደግሞ ግድግዳውን ሙሉ በስሱ ማድ መሸፈን ነው ያለው። ማት፣ የማያብረቀርቀው ቀለም፣ ይቅር ባይ ነው።

ከቀለም በፊት ፕራይመር፣ ከስር የሚቀባው፣ ለአዲስ ድራይዎል ፒቪኤ የሚባለው። ማዱና ወረቀቱ ቀለም የሚጠጡት እኩል አይደለም፣ ያለ ፕራይመር ከቀባችሁት ሁለቴም ሦስቴም ብትደግሙት እያንዳንዱ መጋጠሚያ ይታያል።

ጥገና ላይ ቶሎ ቶሎ ልበል። ሚስማር ወይ ስክሩ ግድግዳው ላይ ቁልፍ መስሎ ብቅ ሲል፣ እንጨቱ ደርቆ ስለተኮማተረ ነው፣ መልሶ መምታት ብቻውን አይሆንም፣ ከሱ በላይና በታች አንድ ኢንች ተኩል ያህል ርቃችሁ አዲስ ስክሩ አስገቡ፣ ከዛ አሮጌውን አውጡት። የበር እጀታ የሠራው ቀዳዳ፣ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከጀርባ ቁራጭ ጣውላ አስገብታችሁ በግራና በቀኝ በስክሩ ያዙ፣ ቁራጭ ድራይዎል በሱ ላይ እሰሩ፣ ቴፕ፣ ማድ። በሩ ላይም ማቆሚያ አድርጉለት እንጂ። ውሃ ያረፈበት ቡናማ ክብ ካለ ምንጩ ሳይገኝ አትንኩት፣ ጣሪያ ይሁን፣ የላይኛው ሽንት ቤት ይሁን። ድራይዎሉ ከበሰበሰ ቁረጡት፣ ውሃው ከፈሰሰ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ሻጋታ ጀምሯል ብላችሁ አስቡ።

ጥያቄ እንውሰድ። እሺ፣ እትዬ።

(አንዲት እናት፦ "ልጄ፣ እኔ ምጣዴን ቤዝመንት ነው ያስቀመጥኩት፣ ከበላዩ ያለው ኮርኒስ ላይ ወረቀቱ እየተላጠ ነው፣ ሁለቴ አስቀባሁት።")

እትዬ፣ ይሄንን ስንት ቤት አየሁት መሰለዎት። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር ያ ሁሉ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ቤዝመንት ኮርኒሱ ደግሞ ዝቅተኛ ነው፣ ማዱ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ቴፑ ይለቃል። መጀመሪያ እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ፋን ያስገቡ፣ ከውስጥ አዙሮ የሚመልሰውን ሳይሆን በቱቦ ደጅ የሚያወጣውን። ከዛ የተላጠውን ቴፕ እስከ ደህናው ድረስ ቆርጠው ያወጡና በሆት ማድ እንደገና ይያዝ፣ በላዩ ፕራይመር፣ ከዛ ለሽንት ቤትና ለማድ ቤት የሚሆን እርጥበት የሚችል ቀለም። ፋኑ ሳይገባ ቀለም አያስቀቡ፣ ብርዎን ነው የሚያቃጥሉት።

(አንድ ወጣት፦ "የኛ ሳሎን ኮርኒስ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር መጥቷል፣ እንጨቱ ያለበትን ተከትሎ። ሻጋታ ነው?")

ቤት ውስጥ ዕጣን ይጨሳል? ከሰል? ሻማ? (ሳቅ) በሉ አትሳቁ። ጥላሸቱ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እንጨቱና ስክሩ ያለበት ቦታ ክረምት ላይ ከሌላው ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ አጥንቱን ስሎ ያሳያችኋል። ሻጋታ ከሆነ ብዙ ጊዜ በመስመር አይመጣም፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያለ ነው የሚያድገው፣ ይሸታልም። ጥላሸት ከሆነ በደረቅ ስፖንጅ፣ ለጥላሸት የሚሸጥ አለ፣ ጥረጉት፣ ከዛ ሼላክ የሚባል ሙጫ ያለበት ፕራይመር፣ ተራ ቀለም ብትደርቡበት ሰንጥቆ ይወጣል። አቲኩ ላይ፣ ከኮርኒሱ በላይ ጣሪያው ስር፣ ሙቀት የሚይዝ ኢንሱሌሽን ጨምሩ። ከሰሉን ግን ከቡና በኋላ ወደ ውጭ አውጡት፣ ለኮርኒሱ ብዬ አይደለም፣ በተዘጋ ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

ሰው እንቅጠር የምትሉ ካላችሁ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር የስቴቱ የሆም ኢምፕሩቭመንት ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፣ ቁጥሩን ጠይቁና ኦንላይን ፈትሹ፣ የኛ ሰው ነው ብላችሁ አትለፉት፣ እኔንም ጨምሮ። ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ በሕጉ ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ መብለጥ የለበትም፣ ግማሹን ካልሰጣችሁኝ ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። ውሉ ላይ ስንት ዙር ማድ እንደሚመታና ፕራይመሩ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ኋላ ላይ የሚያጣላው እሱ ነው።